ላይብረሪያኑ ወደ ክፍል ይግባ

የኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት ስንት ነው? ይህን ጥያቄ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል አቅርባችሁ አምስት ደቂቃ ብትጠብቁ አራት አምስት ዓይነት መልስ ይመጣል። ሁሉም ከስልክ የተገኘ ነው፤ ሁሉም ትክክል ይመስላል።

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ደግሞ ጥቂት ወራት ዘግይቶ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ። ያኔ የተገኘው ውጤት 74 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አራተኛው ቆጠራ ከዚያ ወዲህ ተደጋግሞ ተራዘመ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። ስለዚህ ዛሬ በጋዜጣ፣ በሪፖርትና በመመረቂያ ጽሑፍ የምናነበው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። ትንበያዎቹ ደግሞ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. ለ2023 የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ያወጣው ትንበያ 107 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ለዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ126 ሚሊዮን ይበልጣል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ወደ 20 ሚሊዮን ሰው ነው። አንድ ሐኪም ለስንት ሰው እንደሚደርስ ወይም የአንድ ሰው ዓመታዊ ገቢ ስንት እንደሆነ የሚያሰላ ተማሪ፣ ከሁለቱ አንዱን ሲመርጥ ሳያውቀው መደምደሚያውንም መርጧል።

ይህ ተማሪ የትኛውን ይጻፍ? መምህሩ ሊሰማ የሚገባው መልስ ቁጥር ብቻ አይደለም። ቁጥሩን ማን አወጣው? መቼ? ከየትኛው ቆጠራ ተነስቶ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ሞትና ስለ ፍልሰት ምን ገምቶ? ሌላው ተቋም ለምን ሌላ ቁጥር አወጣ? እነዚህን ጠይቆ ወደ ምንጩ መመለስ የሚችል፣ ከዚያም «እኔ ይህን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ መጻፍ የሚችል ተማሪ የመረጃ ክህሎት አለው እንላለን። የስታቲስቲክስ መምህሩ ቀመሩን ያስተምራል። የእንግሊዝኛ መምህሯ የአንቀጽ አወቃቀር ታስተምራለች። የጥናት ዘዴ መምህሩ ናሙና አመራረጥ ያስተምራል። ወደ ምንጩ የመመለስ ልማድ ግን የማንም የሥራ ድርሻ ሳይሆን ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ይህን ልማድ ማስተማር የላይብረሪያን ሥራ ነው፤ ላይብረሪያኑም ሊሠራው የሚችለው ከመጻሕፍት መደርደሪያው ወጥቶ፣ ተማሪው አሳይመንት ይዞ ወደሚጨነቅበት ክፍል ሲገባ ብቻ ነው።

በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪና ላይብረሪያን በይፋ የሚገናኙት ሁለት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ፍሬሽማኖች በገቡበት ሳምንት የሚደረገው ጉብኝት ነው፤ ቦርሳ የሚቀመጠው እዚህ ነው፣ መታወቂያ ያልያዘ አይገባም፣ እነዚህ መጻሕፍት ከዚህ ክፍል አይወጡም። ሁለተኛው የምረቃ ሰሞን ክሊራንስ ሲፈረም ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ዓመታት ቤተ መጻሕፍቱ ሙሉ ነው፤ በፈተና ወቅት ወንበር ለማግኘት ሌሊት የሚነሳ ተማሪ አለ። የሚነበበው ግን ተማሪው ከዶርሙ ይዞት የመጣው ሃንድአውት ነው። መደርደሪያው ከጀርባው ቆሟል፣ ላይብረሪያኑ ከፊቱ ተቀምጧል፣ ሦስቱም አይነጋገሩም። በዚህ ተማሪውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ሃንድአውቱን አጥንቶ ፈተናውን የሚያልፍ ሰው መደርደሪያውን እንዲፈልግ የሚያስገድደው ነገር አልተሰጠውም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት ኧርልሃም የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱን ከሦስት አሥርተ ዓመታት በላይ የመራው ኢቫን ፋርበር ጠቅላላ ገለጻ ዋጋ እንደሌለው ቀድሞ ተረድቶ ነበር። ሰው ያልፈለገውን ነገር የት እንደሚገኝ ሲነግሩት አይሰማም። ስለዚህ ፋርበርና ባልደረቦቹ ከመምህራን ጋር እየተመካከሩ ተማሪው የሚሠራው ጽሑፍ በተሰጠበት ሰሞን ክፍል ገብተው፣ ለዚያው ጽሑፍ የሚሆኑትን ምንጮች እያሳዩ ማስተማር ጀመሩ። በአንደኛ ዓመት የተማረውን በሁለተኛው አይደግሙለትም፤ ከፍ ያደርጉታል። የባዮሎጂ ተማሪ የባዮሎጂን፣ የታሪክ ተማሪ የታሪክን መንገድ ይማራል። ኮምፒውተር በሌለበት፣ በካርድ ካታሎግ ዘመን የተሠራ ሥራ ነው። እዚህም የጎደለን ኢንተርኔት ብቻ ነው የሚለው ሰበብ ለዚህ ነው የማያሳምነኝ።

ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ስም አገኘ፣ መመሪያም ወጣለት። ፖል ዙርኮቭስኪ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1974 «የመረጃ ክህሎት» የሚለውን ስያሜ አስተዋወቀ፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1989 ትርጓሜ ሰጠው፤ የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ክፍሉ በ2000 መለኪያዎችን አወጣ፣ በኋላም መለኪያዎቹን ሽሮ ሰፋ ባለ ማዕቀፍ ተካቸው። ዩኔስኮ በ2011 ለመምህራን ማሠልጠኛ የሚሆን ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጀ። ሰነድ አልጠፋም።

ሰነዶቹን ሳያነቡ ቢቀሩም ሊታወቅ የሚገባው አንድ ጥናት አለ፤ ላይብረሪያኖችን ራሳቸውን ያረመ ስለሆነ። ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማክግሩ የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 በሙያው የተሰማሩ የመረጃ አጣሪዎችንና 25 የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎች ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው የማያውቋቸውን ድረ ገጾች እንዲመዝኑ ጠየቋቸው። አንደኛው ሥራ ስማቸው የሚመሳሰል የሁለት የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራትን ገጽ ማወዳደር ነበር። አንዱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት አንጋፋ ማኅበር ነው፤ ሌላው ከእርሱ የተገነጠለ ትንሽ ቡድን። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ትንሹን ቡድን አመኑ። ከምሁራኑም ብዙዎች አመነቱ። አጣሪዎቹ ግን አንድም አልተሳሳቱም። የተለዩት በዕውቀት ብዛት አልነበረም። ተማሪዎቹና ምሁራኑ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ አጣሪዎቹ ገጹን ጥቂት አይተው ትተውት ወጡና ሌሎች ስለዚያ ማኅበር ምን እንደሚሉ ፈለጉ።

ይህ ግኝት ለላይብረሪያኖች ምቹ አልነበረም። ለዓመታት ያስተማሩት ተማሪው ገጹ ላይ ቆሞ የሚሞላውን የመጠይቅ ዝርዝር ነበርና፤ ከእነዚህ ዝርዝሮች ታዋቂው በቺኮ ካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የተዘጋጀው ነው። ቀኑ አለ ወይ? የጸሐፊው ስም አለ ወይ? ዓላማው ተገልጿል ወይ? ለማታለል የተሠራ ገጽ እነዚህን ሁሉ አሟልቶ ይመጣል። እንደኔ አመለካከት ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኛ ተማሪ በመጀመሪያ ሊደርሰው የሚገባ ትምህርት ይህ ነው፤ ምንጩን ለመመዘን ከምንጩ መውጣት። በተለይ የእኛ ተማሪ ምንባቡን የሚያገኘው ከቴሌግራም ቻናል ስለሆነ። ሽፋኑ የተቆረጠ፣ የኅትመት ዘመኑ ያልታወቀ፣ አንዳንዴ መካከሉ የጎደለ ፋይል ይደርሰዋል፤ ፋይሉ ላይ አፍጥጦ ቢውል ስለ ማንነቱ የሚነግረው ነገር የለም። ላይብረሪያን ግን የጎደለ መጽሐፍን ማንነት ከካታሎግ፣ ከሌላ እትም፣ ከሌላ ሰው ጥቅስ ማግኘትን በሙያው ተምሮታል።

ከውጭ የመጣ ሞጁል ፈጽሞ የማይነካቸው የራሳችን ጉዳዮችም አሉ፤ ሰፋ አድርጌ ላነሳቸው እፈልጋለሁ።

ስም ይቅደም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በራሳቸው ስም ነው የሚጠሩት፤ በደንብ በተሠራ ካታሎግም «ባሕሩ» በሚለው ሥር ይገኛሉ። የጥቅስ ማዘጋጃ ሶፍትዌሮችና የዓለም አቀፍ ጆርናሎች ቋቶች ግን የአባትን ስም አስቀድመው «ዘውዴ፣ ባ.» ይሏቸዋል። የአንድ ሰው ሥራ በሁለት ቦታ ይበተናል። አንዱን ብቻ የፈለገ ተማሪ ግማሹን አግኝቶ ሁሉንም ያገኘ ይመስለዋል። የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሁለት የማይተዋወቁ ጸሐፊዎችም እንደ አንድ ሰው ሊደባለቁ ይችላሉ።

ፊደሉም እንዲሁ ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ፤ ኃይለ ሥላሴ፣ ሀይለስላሴ። አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ማሽን ግን ብዙ ጊዜ አያነባቸውም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ስም ብቻ እንደ ጸሐፊው አገርና ልማድ በብዙ መልኩ ይመጣል። አንዱን አጻጻፍ ብቻ አስገብቶ «በዚህ ርዕስ የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ የሚደመድም የማስተርስ ተማሪ ሰነፍ አይደለም፤ የነገረው ሰው የለም። ይህንን ለማሳየት የሚበቃው ሃያ ደቂቃ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። አንድ ጽሑፍ ላይ ያለ ማብራሪያ «1977» የሚል ተጽፎ ቢገኝ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ የታላቁ ረሃብ ዓመት ነው፤ በአውሮፓውያን ከሆነ የሶማሊያ ወረራ የጀመረበት ዓመት ነው። ሁለቱም ጦርነት፣ ስደትና እርዳታ የተጠቀሰባቸው ዓመታት ናቸው፤ ስለዚህ ስህተቱ በቀላሉ አይታይም። የአማርኛ ጋዜጣንና የእንግሊዝኛ መጽሐፍን ጎን ለጎን የሚያነብ ተማሪ በየገጹ ይህን መለየት አለበት። ሲገለብጥ ደግሞ የመስከረምና የጥር ድንበር አለ፤ ሰባት ነው ወይስ ስምንት የሚጨመረው? የእኛ ላይብረሪያን ይህን በየቀኑ ካታሎግ ሲሠራ ይፈታዋል። ይህን ዕውቀት ይዞ ጠረጴዛ ጀርባ መቀመጡ ያሳዝነኛል።

አሁን ደግሞ አዲስ ጣጣ ተጨምሯል። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ላይብረሪያኖች የሌሉ ጽሑፎችን ፈልጉልን የሚል ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። የጸሐፊው ስም የታወቀ ነው፣ የጆርናሉ ስም እውነተኛ ነው፣ ቅጹና ገጹም ተጽፏል፤ ጽሑፉ ግን ተጽፎ አያውቅም። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ማሽኑ የፈጠራቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች በአቤቱታቸው ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። በእኛ አገር ደግሞ መሬቱ አስቀድሞ የታረሰ ነበር። ከቀደመ ሰው ቴሲስ ላይ የንድፈ ሐሳብ ክፍሉን ከነሪፈረንሱ አንስቶ ማስገባት የቆየ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ የዓመት ስህተት ከሠራ፣ ስህተቱ ከቴሲስ ወደ ቴሲስ እየተላለፈ ይሄዳል፤ የተጠቀሰውን መጽሐፍ ከፍቶ ያየ ሰው ላይገኝ ይችላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት በነፃ የሚያነቡበት ማከማቻ መክፈቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አጠቃቀሙን የሚያስተምር ሰው ከሌለ ግን የሚያፋጥነው ይህንኑ ልማድ ነው።

ተማሪው «ጋሼ፣ ይህ ሪፈረንስ አለ?» ብሎ ወደ ላይብረሪያኑ ቢሄድ አብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይጣራል። አይሄድም። መጠየቅ ነውር ይመስለዋል፤ ወይም ላይብረሪያን የሚጠየቀው መጽሐፍ ለማውጣትና ለመመለስ ብቻ ይመስለዋል።

«ቢጠይቅስ ምን ያገኛል? መጽሐፉ አሮጌ፣ ጆርናሉ በዶላር፣ ኔትወርኩ የሚቆራረጥ» የሚሉ መምህራን አሉ፤ የሚሉትም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ያለንን አልተጠቀምንበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ የተባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2002 ከጀመረ በኋላ ለግብርና፣ ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለቴክኖሎጂና ለሕግ ተመሳሳይ ፕሮግራሞች ተከትለው፣ ዛሬ ሁሉም ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባል አንድ ጥላ ሥር ይገኛሉ። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ጎራ ናት። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎችና መጻሕፍት በዚህ መንገድ ይከፈታሉ። መግቢያው የሚሰጠው ለተቋም ነው፤ የይለፍ ቃሉ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ ነው። ይህን ሳይሰማ የሚመረቅ የማስተርስ ተማሪ አለ፤ አንድ ጽሑፍ ለማግኘት ውጭ አገር ያለ ዘመዱን የሚያስቸግርም አለ። ደግሞም ምንጭ ባነሰ ቁጥር ያለውን አጥርቶ መጠቀም የበለጠ ያስፈልጋል፤ የሚሳሳትበት ትርፍ ጊዜና ዳታ የሌለው ተማሪ ነውና።

እንግዲህ ምን ይደረግ ሲባል በብዛት የሚሰማው መልስ አዲስ ኮርስ ይከፈት የሚል ነው። እኔ እቃወመዋለሁ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ ጂኦግራፊ፣ ሳይኮሎጂ፣ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች፣ ሌሎችም። የመረጃ ክህሎት በዚህ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቢታከል ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ሞጁል ይታተማል፣ ሞጁሉ ወደ ሃንድአውት ያጥራል፣ ሃንድአውቱ ቴሌግራም ላይ ይወጣል፣ በመጨረሻም «ከሚከተሉት ውስጥ አስተማማኝ ምንጭ የሆነው የቱ ነው?» የሚል የምርጫ ጥያቄ ይመጣል። ተማሪው «ሐ» ብሎ አጥቁሮ ያልፋል። ምንጭ መፈለግና መመዘን የሚለመደው በእውነት የሚፈለግ ነገር ሲኖር ነው።

የሚፈለግ ነገር እንዲኖር ደግሞ አሳይመንቱ መለወጥ አለበት። እዚህ ላይ ተጠያቂው መምህሩ ነው። «የግሎባላይዜሽንን ትርጉም፣ ጥቅምና ጉዳት ጻፉ» የሚል አሳይመንት ኮፒ ፔስትን በግብዣ የሚጠራ ነው፤ ዛሬ ማሽን በአንድ ትንፋሽ ይጽፈዋል። ስድስት ስም የተደረደረበትን የቡድን ሥራ አንድ ሰው ይሠራዋል፤ ያ አንድ ሰውም ማሽኑን ያዛል። በምትኩ መምህሩና ላይብረሪያኑ አብረው ተቀምጠው እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢያወጡስ? «የምትኖርበትን ወረዳ የሕዝብ ብዛት ከሦስት ምንጮች ፈልግ፤ ለምን እንደተለያዩ አስረዳ፤ የምትጠቀምበትን ምረጥ።» ይህን የሚመልስ ሃንድአውት የለም። የ1999ኙን ቆጠራ ሪፖርት መክፈት ይጠይቃል፣ ወረዳው ከዚያ ወዲህ ለሁለት ተከፍሎ እንደሆነ ማወቅ ይጠይቃል፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅም ይመጣል። ለጤና፣ ለሕግ፣ ለምሕንድስና ተማሪ እንዲሁ በየመስኩ ማውጣት ይቻላል።

ላይብረሪያኑ ለዚህ የሚበቃ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን አብዛኛው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሚመደበው ከአስተዳደር ሠራተኞች ጋር ነው። ደመወዙም እድገቱም በዚያው መስመር ነው፤ ክፍል ገብቶ ቢያስተምር የሚቆጠርለት ሰዓት የለም። መምህሩም እንደ ባልደረባ አያየውም። ይህ ካልተነካ ሥልጠና ብቻውን ሰውየውን አይለውጠውም። ደግሞ ይህ ሁኔታ ከጥንት የነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ላይብረሪያን የነበረው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ መጻሕፍትና ቅርሶችን እያሰባሰበ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ራሱ እየጻፈ የሠራ ሰው ነበር፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሪቻርድ ፓንክኸርስት ዳይሬክተርነት ሲመሠረት ስብስቡ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ መሠረት ሆነ። በስድስት ኪሎው የቀድሞ ቤተ መንግሥት ዛሬም ተመራማሪው የሚጠቀመው የዚህን ሥራ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለመላው አፍሪካ ታስቦ የተቋቋመው የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤትም በማስተርስ ደረጃ ባለሙያዎችን አስመርቋል። ከተመራቂዎቹ ብዙዎች ግን ወደ ኮምፒውተርና ሲስተም ሥራ አዘነበሉ፤ የሚከፈለውም የሚከበረውም እዚያ ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

መጀመሪያው ትንሽ ሊሆን ይችላል። በየዲፓርትመንቱ ከሦስተኛ ዓመት በላይ አንድ ጽሑፍ የሚጠይቅ ኮርስ ይመረጥና አንድ ላይብረሪያን ይመደብለት። ተማሪው ርዕስ ሲመርጥ አንድ ጊዜ፣ ምንጭ ሲያሰባስብ አንድ ጊዜ፣ ከማስረከቡ በፊት አንድ ጊዜ ይገናኙ። የሰዓቱ ክፍያና የሥራ መዘርዝሩ የሚስተካከለው በዲኑ ፊርማ ነው፤ ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም።

ነጥብም ይኑረው። በእኛ ዩኒቨርሲቲ ነጥብ የሌለው ሥራ አይሠራም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ከ100ው 10ሩን ላይብረሪያኑ ይስጥ፤ ለጽሑፉ ሳይሆን ለፍለጋው። ተማሪው ሊጠቀምባቸው ያሰባቸውን ምንጮች ይዞ ይምጣና በምን ቃል፣ በየትኛው ፊደል፣ በየትኛው ቋት እንደፈለጋቸው ይናገር። አግኝቶ የጣለውንም ያሳይ፣ ለምን እንደጣለው ያስረዳ። ከሪፈረንሶቹ መካከል ላይብረሪያኑ በዘፈቀደ ሁለቱን መርጦ «እስኪ ክፈትልኝ» ይበለው።